በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም ካለ ራሳችሁን እንዴት ትጠብቃላችሁ?

ድሬ ላይ ትዳር ሲታሰብ ቀስ ተብሎ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ «በዘራቸው የአእምሮ ሕመም አለ ወይ?» የሚለው ነው። ይህን ፈርቶ የታመመ ልጁን ጓዳ የሚደብቅ ቤተሰብ አለ። ልጁ ሕክምና ይዘገይበታል። እህትና ወንድሞቹም ስለራሳቸው ማወቅ ያለባቸውን ሳያውቁ ያድጋሉ። እኔ የምጽፈው ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ ፍርሃቱን በልኩ እናድርገው። ስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ከ100 ሰው 1 ያህሉን ይይዛል። እናቱ፣ አባቱ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ የታመሙበት ሰው ዕድሉ ወደ 10 ከመቶ ይጠጋል። ከፍ ይላል፣ አዎ። ግን አብዛኞቹ አይታመሙም ማለት ነው። ዘረመላቸው አንድ የሆነ መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሕመሙን ብቻውን የሚያመጣ አንድ ዘረመል የለም፤ ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ይጨምራሉ። በዘር የሚመጣው ተጋላጭነት ነው፤ ሕመሙ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በዚያ ላይ የኑሮ ጫና ሲደረብ ነው። በ1998 ክረምት የድሬው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ስንቱ ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ተመሳሳይ ሐዘን ደረሰበት፤ እንዲህ ያለ ሐዘን ግን ሁሉንም ሰው እኩል አይጎዳም፣ አንዱ ከጊዜ በኋላ ይጽናናል፣ ሌላው ይታመማል።

ዘራችሁን መቀየር አትችሉም። ጫናውን ግን መቀነስ ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ ቤተሰቡን ጠይቁ። «ያበደ አለ?» ካላችሁ ማንም አይነግራችሁም። አያታችሁን ወይም አክስታችሁን ብቻቸውን ስታገኙ «አማኑኤል ሆስፒታል የሄደ ዘመድ አለን? ከወለደች በኋላ የታመመች? ለብዙ ቀን ሳይተኛ እያወራ የቆየ?» በሏቸው። የሰማችሁትን ጻፉት፣ ለሐኪም ይጠቅማል።

ከዚያ ጫት። የጫት ገበያው አወዳይ ቅርባችን ነው፣ በርጫውም የጨዋታና የማኅበራዊ ኑሯችን አካል ነው፣ ስለዚህ ማንም ደፍሮ አይናገረውም። እኔ ግን በግልጽ እላለሁ፦ በቤተሰባችሁ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚጋልብበት፣ አንዴ ክፉኛ የሚወርድበት ሕመም) ካለ አትጀምሩ፣ በተለይ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያላችሁ፣ ምክንያቱም እነዚህ ሕመሞች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በዚሁ ዕድሜ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል። ነጋ ሲሉ ደግሞ ዱካክ አለ። እንቅልፍ ለማምጣት ተብሎ ጨብሲ (ከጫት በኋላ የሚጠጣ አልኮል) ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ለፈተና ሁለት ሦስት ሌሊት እየቃመ የሚያነብ ተማሪ ዘሩ ተጋላጭ ከሆነ አደጋ ላይ ነው። መተው ያቃታችሁ ቢያንስ ቀንሱ፣ ወደ ማታ አትቃሙ፣ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ።

እንቅልፍን እንደ መድኃኒት ያዙት። በሙቀቱ ወቅት ቀን መተኛት ልማዳችን ስለሆነ የሌሊቱ ቶሎ ይዛባል፤ የመተኛና የመነሻ ሰዓታችሁ አንድ ይሁን።

ከባድ ነገር እንደሚመጣ ካወቃችሁ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ወሊድ፣ ሐዘን፣ ሥራ ማጣት፣ ወደ ዓረብ አገር መሄድ። ባይፖላር ያለባት ሴት ከወለደች በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት አደገኛ ናቸው። ሌሊት ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው ከመውለዷ በፊት ይወሰን፣ አራስ ጥየቃውም አጭር ይሁን።

ምልክቱ ሲጀምር አትጠብቁ። ሳይተኛ እንኳ የማይደክመው፣ ሰው ሁሉ ያሴርብኛል የሚል፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ከጓደኞቹ ተነጥሎ በሩን የሚዘጋ ካለ ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሄዳችሁ የአእምሮ ሕክምና ጠይቁ። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። መሞት እፈልጋለሁ ካለ ብቻውን አትተዉት። የዚያኑ ቀን ውሰዱት፤ የሚያምነው ሰው አብሮት ይግባ፣ የጻፋችሁትን የቤተሰብ ታሪክም ይዛችሁ ሂዱ።