ሬንጅፋይንደር ፎቶ ስንተች፦ ጥፋቱ የካሜራው ነው ወይስ የዓይናችን?

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ጓደኛሞች እንገናኛለን። የታተሙ ፎቶዎቻችንን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እንተቻቻለን። ሁላችንም የምናነሳው ዲጂታል ሬንጅፋይንደር በሚባል የካሜራ ዓይነት ነው። ከዚህ ልማዳችን አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ፎቶ ከመተቸቱ በፊት የመሣሪያው ጥፋት ከአንሺው ምርጫ መለየት አለበት። ሁለቱ ከተምታቱ የምንለው ሁሉ ውኃ አያነሳም።

ዓይኑ ፈዞ ሌላው ጥርት ሲል

አንድ ቅዳሜ የአክስቴን ፎቶ ይዤ ሄድኩ። መስኮት ሥር ተቀምጣ ቡና ትቆላለች። ግንባሯ ላይ ያረፈው የነጠላዋ ጥለት ክሩ ይቆጠራል። ዓይኖቿ ግን ፈዘዋል። አንዱ "ስሜት አለው" አለ። ሌላዋ "ሆን ብለህ ነው?" አለችኝ። በዚህ ላይ ሩብ ሰዓት ተከራከርን። ማታ የሳምንቱን ፎቶዎች ሳገላብጥ ሁሉም ካሰብኩበት ቦታ ትንሽ ቀረብ ብለው ነው የጠሩት። ለካ ካሜራው ተዛብቷል።

ሬንጅፋይንደር በሌንሱ ውስጥ አያሳይም። በሁለት መስኮት የገባውን ምስል መሃል ላይ ያደራርባል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ፎከሱ ያዘ ማለት ነው። ሥራው የሜካኒክ ስለሆነ ካሜራው ሲወድቅ ወይም ሲንገጫገጭ ይዛባል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) እስከ ኤፍ 1.5 ከፍታችሁ፣ ከ1 ሜትር ርቀት ስታነሱ ጥርት የሚለው ጥልቀት 4 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ትንሿ መዛባት ዓይን ታስታለች።

መዛባቱን ለመፈተሽ ሌንሱን ኢንፊኒቲ (የመጨረሻው ሩቅ ርቀት) ላይ አድርጉና ሩቅ ያለ የኔትወርክ ማማ እዩ። ሁለቱ ምስሎች መግጠም አለባቸው። ቀጥሎ ማስመሪያ በሰያፍ አጋድሙ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጡ፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ አንዱን ቁጥር ፎከስ አድርጋችሁ በየሌንሱ አንሱ፤ የጠራው ሌላ ቁጥር ከሆነ ስቷል። ሌንሶቻችሁ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሳቱ ችግሩ የካሜራው ነው። አንዱ ብቻ ከሳተ የሌንሱ ነው። በመፍቻ አትነካኩት፤ ባለሙያ ያስተካክለው። በነገራችን ላይ እንደ ዛይስ ሲ ሶናር 50 ያሉ ሌንሶች አፐርቸራቸው ሲጠብ ፎከሳቸው ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ባህሪያቸው ነው፤ መልመድ ብቻ ነው።

ጠርዝ ላይ ያልጋበዛችሁት ነገር ሲገባ

የሚኒባስ አፍንጫ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የሰው ክርን። ተቺው "ጠርዝህን አታይም" ይላል። አንሺው አይቷል እኮ! በመስኮቱ ውስጥ የሚታዩት የፍሬም መስመሮች ልክ የሚሆኑት ለአንድ ርቀት ብቻ ነው። ላይካ ኤም 9 በሚባለው ሬንጅፋይንደር ላይ ለ1 ሜትር ነው። ራቅ ያለ ነገር ስታነሱ ካያችሁት በላይ ይገባል። ስለዚህ ሩቅ ስታነሱ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ የተረፈውን ከማሳየታችሁ በፊት ቁረጡት። መቁረጥ ነውር አይደለም።

ፊት ሲጠቁር፣ ጥቁር ሐምራዊ ሲሆን፣ ነጠብጣብ ሲታይ

የጥምቀት ዕለት ነጭ የለበሰ ሕዝብ ስታነሱ ብርሃን መለኪያው በነጩ ይታለልና ፊት ያጠቁራል። ብርሃኑን ከፊት ላይ ለኩ፤ የነጠላው ነጭ ተቃጥሎ እንዳይጠፋ ደግሞ ሂስቶግራሙን (ካሜራው የብርሃኑን መጠን የሚያሳይበትን ግራፍ) ተመልከቱ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ላይካ ኤም 8 ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) በደንብ ስለማይከለክል ጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሐምራዊ ይመስላል። ሌንሱ ላይ የኢንፍራሬድ መከላከያ ፊልተር ይገጠም። "የቀለም ምርጫህ ግራ ያጋባል" ብሎ ሰውን መውቀስ ያሳዝናል።

ኤም 9 ላይ ቀለበት ያላቸው ነጠብጣቦች አፐርቸሩ ጠብቦ በኤፍ 16 ከታዩና ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ከተጠረገ በኋላም ካልጠፉ አቧራ አይደሉም። የሴንሰሩ መስታወት እየተበላ ነው። መፍትሄው ማስቀየር ነው። ያገለገለ ኤም 9 ከመግዛታችሁ በፊት ነጭ ግድግዳ አንስታችሁ ፈትሹ።

ስልክ ላይ ሲላክ ሲበላሽ

በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ላኩት። ቀለሙ ከሞተ ደግሞ አዶቤ አርጂቢ በሚባለው የቀለም ሥርዓት አስቀምጣችሁት ይሆናል። ኤስአርጂቢ ወደሚባለው ሥርዓት ቀይሩት።

"አሪፍ ነው" ብቻ ሲባል

ይህኛው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ሰው ልፋቱን ይዞ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ራሳችን ነን። አሥራ አምስት ፎቶ እንደረድራለን፣ "እንዴት ነው?" እንላለን። ሰው ምን ይበል? ሁለት ብቻ አምጡ። ጥያቄያችሁ አንድና ቁርጥ ያለ ይሁን፦ "ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ?" የካሜራውን ስም አስቀድማችሁ አትናገሩ። "ላይካ ነው" ከተባለ ወሬው ሁሉ ስለ ሌንሱ ይሆናል፤ አክስቴ ትረሳለች።

ተቺው ደግሞ ከመፍረዱ በፊት ያየውን ይናገር። "ጥለቱ ጠርቷል፣ ዓይኗ ፈዟል፣ እኔ ዓይኗን ፈልጌ ነበር።" እንዲህ ቢባል ኖሮ የካሜራዬን መዛባት እዚያው ጠረጴዛ ላይ እደርስበት ነበር።