ጀሪካኑን በሆዱ ሳይሆን በአፉ ምረጡት፦ ዓባይ በረሃን ለሚሻገር መኪና የነዳጅ መያዣ ችግርና መፍትሄ

ደጀን ላይ ነው። የዓባይን ዳገት ጨርሼ መኪናዋን ዳር አስያዝኩና ከኋላ የጫንኩትን ቢጫ ጀሪካን አወረድኩ። ጠዋት በፍቼ ብርድ እስከ አንገቱ የሞላሁት ቤንዚን ነው። ክዳኑን ሩብ ዙር እንኳ ሳላዞረው «ፊስስስ» አለ። ቀጥሎ ቤንዚኑ ራሱ ተስፈንጥሮ ወጣ። እጄም፣ ሸሚዜም፣ ሱሪዬም ራሰ።

አጠገቤ የጭነት መኪናቸውን ጎማ በብረት እየመቱ የሚፈትሹ አዛውንት ሹፌር ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ የዘይት ጀሪካን ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ የሚያውቀው ዘይት ነዋ። በረሃውን ማን አስተማረው?»

ከዚያ ሲጋራ የማጨስ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላጨስም ስላቸው «ተመስገን» ብለው ውሃና ሳሙና ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ሞጣ ቤተሰብ ጋ በሄድኩ ቁጥር መያዣዬን አጠናለሁ። የተማርኩት ነገር አንድ ነው። ሰው ጀሪካን ሲገዛ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይጠይቃል፣ ሆዱን መታ መታ ያደርጋል። ጣጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአፉ ነው፤ ከክዳኑና ከጎሚኒው፣ ማለትም ክዳኑ ሥር ካለው ማሸጊያ ላስቲክ። ከዚህ በታች መንገድ ላይ የሚያጋጥሙትን ምልክቶች ከነምክንያታቸው እናያለን።

ጀሪካኑ እንደ ከበሮ ተነፍቷል

የእኔው ችግር ይሄ ነበር። አንደኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ቤንዚን በየ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት መጠኑ ወደ 1 በመቶ ይጨምራል። በብርድ የተሞላ 20 ሊትር በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 400 ሚሊ ሊትር ይጨምራል ማለት ነው። እስከ አንገቱ ከሞላችሁት ይሄ ትርፍ የት ይግባ? በዚያ ላይ የሞቀ ቤንዚን ይተናል። ትነቱ ደግሞ ከፈሳሹ የበለጠ ጉልበት አለው።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው። ጎሃ ጽዮንም ደጀንም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትርና ከዚያ ከፍ ብለው ነው ያሉት። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ከ1,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላችሁ ነው የምትገኙት። ቁልቁል ስትወርዱ ነዳጁ ይሞቃል፤ የውጪው አየር ግን እየከበደ ስለሚሄድ የጀሪካኑን ሆድ ጫን አድርጎ ይይዘዋል። ሽቅብ ስትወጡ ነዳጁ እንደሞቀ ነው፣ የውጪው አየር ግን ይሳሳል። ለዚህ ነው ወንዙ ዳር ዝም ያለ ጀሪካን ደጀን ላይ የሚጮኸው።

መፍትሄው አለመቸኮል ነው። የተነፋ ጀሪካን ወዲያው አይከፈትም። ሞተር አጥፉ፣ ጀሪካኑን መሬት ላይ ጥላ ውስጥ አቁሙት፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲመጣ ቁሙና ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ ክዳኑን በጣም ቀስ ብላችሁ አላሉት። ደግሞ ቦታ ምረጡ። ዳገቱን ጨርሶ የሚቆም ሰው ብዙ ጊዜ ቡና የምትሸጥ ልጅ ወይም በቆሎ ጥብስ ያለበት ጋ ነው የሚቆመው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት እየተሳበ ከሰሉ ጋ ሊደርስ ይችላል። ጀበናው ካለበት ራቅ በሉ።

ለቀጣዩ ጉዞ ደግሞ በ20 ሊትሩ ላይ ከ18 ሊትር በላይ አትሙሉ። እውነተኛው የብረት ጀሪካን ይሄን ራሱ ያስብላችኋል። በቁሙ ስትሞሉት ከእጀታዎቹ ሥር ያለው ጉብታ አየር ይዞ ይቀራል። የጀርመን ጦር በፈረንጆቹ 1930ዎቹ መጨረሻ ያሠራው ንድፍ ነው። እንግሊዞች ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሯቸው ስለነበር ዕቃውም ጄሪካን ተባለ፤ እኛም ጀሪካን አልነው። ሦስት እጀታ ያደረጉለት በምክንያት ነው። አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ባዶ ማንጠልጠል ይችላል፤ የሞላውን ደግሞ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይይዙታል። ቢጫውን የዘይት ዕቃ በዚያው ስም መጥራታችን ትንሽ ያስቀኛል።

ጀሪካኑ ወደ ውስጥ ተጨማዷል

ይሄ የናፍጣ ወይም የባዶ ጀሪካን ነገር ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይተንም፤ ደጀን ላይ ጥርቅም አድርጋችሁ ዘግታችሁ ወደ ወንዙ ስትወርዱ የውጪው አየር ሆዱን ይጫነዋል። ቀስ ብላችሁ ከፍታችሁ ዝጉት፣ ይመለሳል። ግን ፕላስቲኩ የታጠፈበት መስመር ላይ ነጣ ያለ ምልክት ካያችሁ እዚያ ጋ ሊሰነጠቅ ነውና ቀይሩት።

መኪናው ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል

«መስኮት ከፈት አድርጌ እሄዳለሁ» የሚባልበት አይደለም። ቁሙ፣ በሮቹን ሁሉ ክፈቱ፣ ጀሪካኑን አውጡ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይሰጥም። ስለዚህ ናፍጣ ጭኖ የለመደ ሰው ስለ ቤንዚን የሚሰጠውን ምክር አትስሙ።

ምክንያቱን ከክዳኑ ጀምራችሁ ፈልጉ። የዘይት ጀሪካን ክዳን የተሠራው ዘይት እንዳይደፋ ነው፤ ትነት እንዲይዝ አይደለም። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስለዚህ ሁሉም አንድ ዘዴ አለው። ከክዳኑ ሥር ፌስታል! ፌስታል በእጥፋቱ መሃል ትነቱን ያሳልፋል። ሌላው ዘዴ ከጎማ ውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ጎሚኒ ማድረግ ነው። ይሄኛው እንዲያውም ይብሳል። የጎማ ላስቲክ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ቅርጹን ያጣል። ለነዳጅ የተሠራ ጎሚኒ ሌላ ዓይነት ላስቲክ ነው። መለዋወጫ ሱቅ ስትገዙ «ቤንዚን የሚችል» ብላችሁ ጠይቁ።

ክዳኑ ደህና ሆኖም ከሸተተ ፕላስቲኩ ራሱ ነው። ተራ ፕላስቲክ ቤንዚንን ቀስ በቀስ በግድግዳው ያሳልፋል። ከሥሩ ባለ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ያለበትን «የነዳጅ ነው» ብለው ይሸጡላችኋል። አትታለሉ። ያ ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው፤ የዘይቱም ጀሪካን አለው። የምትፈልጉት «ዩኤን» የሚሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት በክብ ውስጥ ይዞ፣ ቀጥሎ ቁጥር የተደረደረበትን ማኅተም ነው። አደገኛ ፈሳሽ ለማጓጓዝ ተፈትኗል ማለት ነው። አጠገቡ ሰዓት የመሰለ ክብ ውስጥ ቀስት አለ፤ የተመረተበትን ወር ያሳያል። ፕላስቲክ ከሆነ ከተመረተ 5 ዓመት ካለፈው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሳትገዙ ወይም ሳትጓዙ በፊት የምሠራውን ሙከራ ልንገራችሁ። ጀሪካኑ ውስጥ ሁለት ሊትር ያህል ሞቅ ያለ ውሃ አፍስሱ። ዝጉት፣ በደንብ ናጡት። ከዚያ ጎሚስታ ጎማ እንደሚፈትሸው የሳሙና አረፋ በክዳኑ ዙሪያ ቀቡ። አረፋው ከነፋ ክዳኑ ያሳልፋል። ካልነፋ ገልብጣችሁ ደረቅ ካርቶን ላይ አሳድሩት። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ያ ጀሪካን በረሃውን ሊያይ ይችላል። በኋላ ውሃውን በፀሐይ አድርቁት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እናያለን።

አቀማመጥም የሽታው ምክንያት ይሆናል። ሰው ከሚቀመጥበት ጋ ነዳጅ አይጫንም። ፖርቶመጋላ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያፈላዋል፣ መኪና ቢገለበጥም መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ፒክአፕ ከሆነ ከኋላ ከካቢኑ ተጠግቶ፣ ከማርሚታው ርቆ፣ በቁሙ ታስሮ፣ ሸራ ጣል ተደርጎበት ይሂድ። 20 ሊትር ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ ይመዝናል። ፍሬን ሲያዝ 15 ኪሎ ዝም ብሎ አይቆምም።

ከጀሪካኑ ከጨመርኩ በኋላ ሞተሩ ይቆራርጣል

ውሃ፣ ዝገት ወይም ዘይት። እንጅባራ ወይም ደብረ ማርቆስ ብርድ ላይ ግማሽ የሆነ ጀሪካን ካደረ በባዶው በኩል ያለው እርጥበት ጠል ሆኖ ይወርዳል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ያረጀ የብረት ጀሪካን ከሆነ ውስጡ የተቀባው ቀለም ተልጦ ዝገት ይጨምርበታል። ባትሪ አብርታችሁ ባዶውን እዩት፤ ቡናማ ዱቄት ካለ ለነዳጅ አይሆንም። በዘይቱ ጀሪካን ደግሞ የታጠበ የሚመስለው ዘይት ቤንዚኑ ሲያገኘው ይሟሟና ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

ከመጨመራችሁ በፊት ጥቂቱን በንጹሕ ብርጭቆ ቅዱና ለአምስት ደቂቃ አስቀምጡት። ከሥሩ የምትንከባለል ኳስ የመሰለች ጠብታ ካያችሁ ውሃ ናት። የመጨረሻውን አንድ ሊትር ጀሪካኑ ውስጥ ተዉት፤ ጭቅጭቁ ያለው እዚያ ነው። አንዴ ከገባ ታንከሩን ማስጠረግና ፊልትሮ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። ናፍጣ መኪና ከሆነ በፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ፈትታችሁ አውጡት።

ስገለብጥ ግማሹ መሬት ይጠጣዋል

ቱቦ የሌለው መያዣ አትግዙ። ከተቸገራችሁ የሃይላንድ ፕላስቲክ አንገቱ ጋ ተቆርጦ ለአንድ ጊዜ ያገለግላል። በአፍ ስቦ ማውረድ ግን ይቅር። ቤንዚን ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ ሳንባ ሲገባ ነው የሚገድለው። የዋጠ ሰው እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲመለስ ነው ወደ ሳንባ የሚገባው። ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ማደያ ላይ ስትቀዱም ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ የመቅጃው አፍ ጀሪካኑን ይንካው። ፒክአፑ ጀርባ ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ እያለ መቅዳት በግጭት የሚመጣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይጋብዛል።

የቱ ቤንዚን፣ የቱ ናፍጣ፣ የቱ ነጭ ጋዝ እንደሆነ ጠፋኝ

አሜሪካ ውስጥ ቀዩ የቤንዚን፣ ቢጫው የናፍጣ፣ ሰማያዊው የነጭ ጋዝ ነው ይላሉ። እኛ ጋ ቢጫ ማለት ዘይት ወይም ውሃ ነው። በማይለቅ ቀለም በአማርኛ በትልቁ ጻፉበት፣ በሁለቱም ጎን። መሳሳቱ ሞተር ብቻ አይደለም የሚያበላሸው። ገጠር ቤት ውስጥ ነጭ ጋዝ ነው ተብሎ ቤንዚን ኩራዝ ውስጥ ከገባ ክብሪቱ ሲጫር ቤቱ ነው የሚነደው። ስለዚህ ዘመድ ቤት ስታድሩ ጀሪካኑ ማድቤት አይግባ፣ ጓዳ አይግባ።

ማደያው በጀሪካን አልቀዳም አለኝ

ልክ ነው። እኔ ያኔ ፍቼ ላይ የቀዳሁት ጊዜው ሌላ ስለነበር ነው። በጀሪካን መሸጥ በኮንትሮባንድ ምክንያት ክልከላ አለበት። ለጄኔሬተር ወይም ለውሃ ፓምፕ የሚፈልግ ሰው ከአካባቢው ንግድ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። መንገደኛ ከሆናችሁ ከጎሃ ጽዮን በፊት ታንከሩን ሙሉና ደጀን ላይ ጌጁን እዩ፤ በሉማሜና በማርቆስ በኩልም ሆነ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ትሂዱ፣ ታንከር ሙሉ ሆኖ መጀመር ከጀሪካን ይበልጣል። ሕጋዊ ፈቃድ ኖሯችሁ የምትይዙ ከሆነ 10 ሊትር ይበቃል። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የምትጠጣ መኪና በዚያ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች።

ጀሪካኑ ተበሳ

የብረቱ ከሆነ በያጅ ጋ አትውሰዱት። ባዶ የቤንዚን ጀሪካን ከሞላው የከፋ ነው፤ ውስጡ ትነትና አየር ተቀላቅሎ እሳት ነው የሚጠብቀው። በውሃ ማለቅለቅ ትነቱን አያጠፋውም። አዲስ ግዙ።

የፕላስቲኩስ? ያ ደጀን ላይ ያጠበኝ ቢጫ ጀሪካን ሞጣ ሲደርስ እናቴ አየችው። «ይሄማ ለጠላ ውሃ ይሆነኛል፤ በአመድ አሽቼ በግራዋ አጥበዋለሁ» አለች። ቤንዚን የጠጣ ፕላስቲክ በግራዋም በሳሙናም አይለቅም ብላት አልሰማ አለችኝ። ማታ ክዳኑን አውልቄ ደጅ አሳደርኩት፣ ጠዋት ሆዱን በቢላ ቀድጄ ጣልኩት። እስክመለስ ድረስ አኮረፈችኝ።