ቁጥጥሩ የት ይጥበቅ፣ የት ይላላ? የሶፍትዌር ቡድኖች ችግርና መፍትሄ

የሥራ ሂደቱ አልሄድ ያለው ቡድን ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ተጨማሪ ፈቃድ ይደነግጋል፣ ወይ ደንቡን ጠራርጎ ያነሳል። የታመመው የቱ ጋ እንደሆነ ሳይታይ ሁለቱም አያድኑም። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ።

ምልክት፦ ኮዱ ካለቀ ቆይቷል፣ ተጠቃሚው ጋ ግን አልደረሰም

በቅርቡ የተዘጉ ጥቂት ቲኬቶችን (የተመዘገቡ የሥራ ጥያቄዎችን) አውጡ። ስንት ሰዓት ተሠራባቸው? ስንት ቀን ፈቃድ ጠበቁ? ጥበቃው ሥራውን ካስከነዳ፣ ሁሉም ለውጥ በአንድ በር እያለፈ ነው ማለት ነው። የፊደል ግድፈት ማረምም የክፍያ ኮድ መቀየርም እኩል ሦስት ፊርማ ይጠብቃሉ። ሦስተኛው ፈራሚ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኮዱን ከፍቶም አላየው።

መፍትሄው ለውጦቹን «ቢበላሽ በቀላሉ ይመለሳል ወይ?» ብሎ መለየት ነው። የሚመለስ ከሆነ የአንድ ባልደረባ ሪቪው (ኮዱን አይቶ መገምገም) እና አውቶማቲክ ቴስት ይበቃዋል። ዳታ የሚያጠፋ፣ ገንዘብ የሚነካ ወይም የመግባት ፈቃድ የሚቀይር ከሆነ ግን ሁለተኛ ዓይን ይየው። መጀመሪያም ለጥቂት ተጠቃሚ ብቻ ይለቀቅ።

ምልክት፦ ሁሉም ኮዱን በፈለገው መንገድ ይለቃል፣ ፕሮዳክሽን (ተጠቃሚው የሚገለገልበት ሲስተም) በየጊዜው ይወድቃል

እዚህ የጎደለው ስብሰባ አይደለም። ኮድ መጻፍ ላይ ነፃነት ይኑር፤ መልቀቅ ላይ ግን ሁሌም አንድ ዓይነት መንገድ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴ ድርጅት ላይ የደረሰውን ማስታወስ ይጠቅማል። አዲሱ ኮድ በ8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። አንዱ ተዘለለ፤ ይህን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ሰውም አልነበረም። በተዘለለው ሰርቨር ላይ ለዓመታት ሳይሠራ የቆየ አሮጌ ኮድ ነቃና ትዕዛዝ ማዥጎድጎድ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ገደማ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ደረሰ። የሚያሳዝነው ደግሞ በጭንቀት መሃል አዲሱን ኮድ ከሌሎቹ 7 ሰርቨሮች ማንሳታቸው ነው። አሮጌው ኮድ እነሱም ላይ ተነሳ!

መፍትሄ፦ የመልቀቁን ሥራ ለስክሪፕት (ደረጃዎቹን በራሱ ለሚፈጽም አጭር ፕሮግራም) ስጡት። ስክሪፕቱ ሲጨርስ ሁሉም ሰርቨር ተመሳሳይ ቨርዥን ላይ መሆኑን ያረጋግጥ። ወደ ኋላ መመለሱንም ምንም ባልተበላሸበት ቀን ተለማመዱት። የማይሠራበትን ኮድ ደግሞ «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» እያላችሁ አታቆዩት፣ አጥፉት።

ምልክት፦ እቅዱ በየቀኑ ይቀየራል

ሁሉም ነገር «አስቸኳይ» ሆኖ የሚመጣው የሚያስገባው ሰው ምንም ስለማይከፍልበት ነው። አዲስ ሥራ ሲገባ ሌላ አንድ ይውጣ። የሚወጣውንም ጠያቂው ራሱ ይምረጥ። ሥራን በአጫጭር ዙሮች በሚከፋፍለው የስክረም አሠራርም ቢሆን ስፕሪንቱ (አንዱ ዙር) መሃል ዝርዝሩ ሊስተካከል ይችላል፣ ግቡ ግን አይነካም።

ምልክት፦ ደንብ አለ፣ ሁሉም ያልፈዋል

«ለዛሬ ብቻ» የተባለች አቋራጭ ልማድ ከሆነች፣ ሰዎቹን ከመቆጣታችሁ በፊት ደንቡ ለምን እንደወጣ ጠይቁ። መልስ የሚሰጥ ከጠፋ ሰርዙት። ምክንያት ካለው ደግሞ ለእውነተኛ ድንገተኛ ጉዳይ በግልጽ የሚታወቅ መንገድ ክፈቱለት፦ መጀመሪያ ይስተካከል፣ ሪቪው በማግስቱ ይደረግ፣ ማን ለምን እንደተጠቀመበትም ይመዝገብ። መዝገቡን በየወሩ እዩት። አንድ ዓይነት ምክንያት እየተደጋገመ ካገኛችሁ፣ መጠገን ያለበት መደበኛው መንገድ ነው።