የትንሽ ከተማ የቅርጫት ኳስ ቡድን እንዴት ዋንጫ ያነሳል? ኮከቡንስ እንዴት ያቆያል?

በ2025 የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ ላይ የተገናኙት ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር እና ኢንዲያና ፔሰርስ ሁለቱም ከሊጉ አነስተኛ ገበያዎች የሚመደቡ ቡድኖች ነበሩ። አነስተኛ ገበያ ሲባል የከተማው ሕዝብና የቴሌቪዥን ተመልካቹ ቁጥር ዝቅተኛ በመሆኑ ከትኬት፣ ከአካባቢ ጣቢያዎችና ከማስታወቂያ የሚገኘው ገቢ ከኒውዮርክ ወይም ከሎስ አንጀለስ ጋር የማይወዳደር ማለት ነው። ከገንዘቡ በላይ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፤ ውሉን ጨርሶ ነፃ የሆነ ታላቅ ተጫዋች በራሱ ምርጫ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ወይም ወደ ሚልዋኪ የሚሄድበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። በመሆኑም የትንሽ ከተማ ቡድን ኮከቡን ራሱ ማግኘት፣ ራሱ ማሳደግ፣ ከዚያም እንዲቆይ ማሳመን ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚከናወን፣ በተለይም ጊዜን ማስላት ከገንዘብ ይልቅ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ያስረዳል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ሕጉንና የውል ዘመኑን ማወቅ

የአውሮፓን እግር ኳስ የሚከታተል አንባቢ በመጀመሪያ ሊያስተካክለው የሚገባ ግንዛቤ አለ። በኤንቢኤ አንድ ክለብ ለሌላው የዝውውር ገንዘብ ከፍሎ ኮከብ አይገዛም፤ ተጫዋች የሚለወጠው በሌላ ተጫዋች ወይም ወደፊት ከሚመጡ ወጣቶች መካከል የመምረጥ መብት በማስተላለፍ ነው። ይህ ምርጫ ድራፍት ይባላል፤ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ የተሸነፉ ቡድኖችም በዕጣ ቀድመው የመምረጥ ዕድል ይሰጣቸዋል። በተጨማሪም የደመወዝ ጣሪያ አለ፤ በ2024–25 የውድድር ዘመን ጣሪያው ከ140 ሚሊዮን ዶላር በትንሹ በለጥ ያለ ነበር። ቡድኑ የራሱን ተጫዋቾች ለማቆየት ሲል ጣሪያውን ማለፍ ይፈቀድለታል፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲያወጣ ግን የቅንጦት ግብር ይከፍላል፣ ከዚያም ካለፈ ተጫዋች የመለዋወጥ ነፃነቱ ይጠብበታል።

ከእነዚህ ሕጎች ሁሉ ለትንሽ ከተማ የሚጠቅመው የወጣት ተጫዋች ውል ነው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ተጫዋች እስከ አራት ዓመት ድረስ ደመወዙ አስቀድሞ በተወሰነ ሰንጠረዥ ይከፈለዋል፤ በእነዚህ ዓመታት ምንም ያህል ቢገን ዋጋው አይጨምርም። አራተኛው ዓመት ሲያበቃ ሌላ ቡድን ውል ቢያቀርብለት እንኳ የመጀመሪያው ቡድን ያንኑ ያህል ከፍሎ የማስቀረት መብት አለው። ከዚህም በላይ ቡድኑ ቀደም ብሎ የአምስት ዓመት ማራዘሚያ ሊያስፈርመው ስለሚችል፣ በአግባቡ የሠራ ሥራ አስኪያጅ አንድን ተጫዋች እስከ ዘጠኝ ዓመት ድረስ በእጁ ሊያቆይ ይችላል። ሎስ አንጀለስም ብትሆን ይህን ዘመን በገንዘብ ብቻ ልታሳጥረው አትችልም።

ሁለተኛ፦ የመምረጥ መብትን ማከማቸት

ድራፍት እርግጠኛ ነገር የሌለበት ሥራ ነው። በ2018 ሳክራሜንቶ በሁለተኛ ቁጥር ማርቪን ባግሊን ሲመርጥ ቀጣዩ ተመራጭ ሉካ ዶንቺች ነበር። አንድ ስህተት ብዙ ዓመት ስለሚያስከፍል መፍትሔው ትክክለኛ ትንበያን ተስፋ ማድረግ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የመሞከር ዕድልን መሰብሰብ ነው።

ከ2007 ጀምሮ ቡድኑን የሚመራው የተንደሩ ሥራ አስኪያጅ ሳም ፕሬስቲ በዚህ ረገድ ያደረገው ነገር በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። በ2019 የበጋ ወቅት ካዋይ ሌናርድ ወደ ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ለመሄድ ያሰበው ፖል ጆርጅ አብሮት የሚጫወት ከሆነ ነበር፤ ፖል ጆርጅ ደግሞ በወቅቱ የኦክላሆማ ሲቲ ተጫዋች ነበር። ክሊፐርስ ሁለት ኮከቦችን በአንድ ጊዜ ለማግኘት ሲቸኩሉ ፕሬስቲ ዋጋውን ከፍ አደረገ፦ ሼይ ጊልጀስ-አሌግዛንደር የተባለ የአንድ ዓመት ልምድ ብቻ የነበረው ወጣት፣ ዳኒሎ ጋሊናሪ፣ አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችና ሁለት ምርጫን የመለዋወጥ መብቶች፣ ማለትም የሌላው ቡድን የምርጫ ቁጥር ከተሻለ በራስ ቁጥር የመቀየር መብት። ያ ወጣት በ2025 የሊጉም የፍጻሜውም ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ከምርጫዎቹ አንዱ ደግሞ በ2022 በ12ኛ ቁጥር ጄለን ዊሊያምስን አስገኘ። ከክሊፐርስ ጋር የተደረገው ስምምነት እንዳበቃ ረስል ዌስትብሩክ ወደ ሂዩስተን ሲሄድ በምትኩ ክሪስ ፖል ከተጨማሪ ምርጫዎች ጋር መጣ።

የትንሽ ከተማ ሥራ አስኪያጅ ከዚህ የሚወስደው ዋና ነጥብ የገዢውን ችኮላ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው መንገድ ብዙም አይወራለትም፤ የደመወዝ ክፍተት ያለው ቡድን ሌሎች ሊያስወግዱት የሚፈልጉትን ከባድ ውል ተቀብሎ በምላሹ ምርጫ ያስከፍላል። ኦክላሆማ ሲቲ አል ሆርፎርድን ከፊላደልፊያ፣ ኬምባ ዎከርን ደግሞ ከቦስተን የተቀበለው በዚህ ስሌት ነበር፤ ሁለቱም ከመጀመሪያ ዙር ምርጫ ጋር ነው የመጡት።

ሦስተኛ፦ ሽንፈቱን መቀበል፣ ነገር ግን አለማስረዘም

ተንደር በ2020–21 በ72 ጨዋታ 22፣ በቀጣዩ ዓመት በ82 ጨዋታ 24 ብቻ አሸነፈ። መሸነፍን እንደ ስልት የሚያወድሱ ተንታኞች ይህን ሲጠቅሱ ይሰማል፤ እኔ ግን ሽንፈቱ ራሱ ሥራውን ሠራ ለማለት አልደፍርም። በ2021 ዕጣው የሰጣቸው ስድስተኛ ቁጥር ነበር። ከ2019 ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው የዕጣ አሠራር የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች አንደኛ የመሆን ዕድላቸው እኩል 14 በመቶ በመሆኑ፣ ከሁሉ የባሰ መሆን የሚያስገኘው ጥቅም ጠባብ ነው። ሳክራሜንቶ 16 ተከታታይ ዓመታት ከጥሎ ማለፉ ውጭ ሆኖ ቢከርምም ያ ሁሉ ሽንፈት ቡድን አልሠራለትም። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሚፈቀደው በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የተጫዋቾች ዕድገት በጨዋታ ሲታይ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ያገኙትን ማሳደግ

ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ቲም ደንከንን በ1997 በአንደኛ ቁጥር ማግኘታቸው እንደ ዕድል ሊቆጠር ይችላል፤ ማኑ ጂኖቢሊን በ57ኛ፣ ቶኒ ፓርከርን በ28ኛ ቁጥር ማግኘታቸው ግን ሌሎች ባልደረሱበት ቦታ፣ ማለትም ከአሜሪካ ውጭ፣ አጥብቆ የመፈለግ ውጤት ነበር። ዴንቨርም ኒኮላ ዮኪችን በ41ኛ ቁጥር መርጦ በ2023 ዋንጫ አንስቷል።

ማሳደግ ማለት ተጫዋቹን ከዋናው ቡድን ጋር በተመሳሳይ ዘዴ በሚያሠለጥን ሁለተኛ ቡድን ውስጥ ማሳለፍና በቂ የጨዋታ ደቂቃ መስጠት ነው። የተንደር ዋና አሠልጣኝ ማርክ ዴግኖልት ከ2014 እስከ 2019 የኦክላሆማ ሲቲ ብሉን፣ ማለትም ሁለተኛውን ቡድን፣ ይመራ ነበር። በመሆኑም ከታች የሚመጣ ተጫዋች ወደ ላይ ሲያድግ አዲስ ቋንቋ አይማርም። ማንም ያልመረጠው ሉገንትስ ዶርት በዚህ ቡድን የሊጉ ጠንካራ ተከላካይ ሆነ፤ በ55ኛ ቁጥር የመጣው አሮን ዊጊንስ እና ፊላደልፊያ ያሰናበተው አይዛያ ጆም ለዋንጫው ቡድን ጠቃሚ ተጫዋቾች ሆነዋል። የትንሽ ከተማ ቡድን ተቀያሪዎችን በውድ ዋጋ መግዛት ስለማይችል ይህ ክፍል ከኮከቡ ባልተናነሰ ይመዝናል።

አምስተኛ፦ ወጣቶቹ ርካሽ በሆኑበት ጊዜ ቡድኑን ማጠናከር

ብዙ ቡድኖች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ገና ጊዜ አለ እያሉ ሲጠብቁ የወጣቶቹ ውል ያልቅና ደመወዙ በአንድ ጊዜ ይጨምራል። ተንደር በ2023–24 ዘመን 57 ጨዋታ ካሸነፈ በኋላ በጥሎ ማለፉ ሁለተኛ ዙር በዳላስ ተረታ። ጄለን ዊሊያምስና ቼት ሆልምግሬን ገና በመጀመሪያ ውላቸው ላይ ስለነበሩ ግን የደመወዝ ክፍተት ነበረው። በዚያው በጋ አይዛያ ሃርተንስታይን ለሦስት ዓመት በ87 ሚሊዮን ዶላር ተፈረመ፤ በ2021 በስድስተኛ ቁጥር የተመረጠው ጆሽ ጊዲም ወደ ቺካጎ ሄዶ አሌክስ ካሩሶ መጣ። ሁለተኛውን ስምምነት በተለየ አደንቃለሁ፤ ጊዲ ከካሩሶ በብዙ ዓመት የሚያንስና በወረቀት ላይ የበለጠ ተስፋ ያለው ተጫዋች ቢሆንም፣ ኳስ በእጁ ይዞ የሚጫወት ሌላ ሰው ለሼይ አያስፈልገውም ነበር። ቀጣዩ ዘመን በ68 ድልና በዋንጫ ተጠናቀቀ።

ስድስተኛ፦ ኮከቡን ማቆየት

የገንዘቡ ጉዳይ በአብዛኛው በሕግ የተወሰነ ነው። ከሊጉ ምርጦች አንዱ ተብሎ የተመረጠ ተጫዋች ከመረጠው ቡድን ጋር፣ ወይም በመጀመሪያ ውሉ ዘመን በልውውጥ ከተቀበለው ቡድን ጋር፣ የደመወዝ ጣሪያውን 35 በመቶ የሚደርስ ማራዘሚያ መፈረም ይችላል፤ ሌላ ቡድን ይህን ያህል ሊሰጠው አይችልም። ሼይ በሐምሌ 2025 ለአራት ዓመት 285 ሚሊዮን ዶላር የፈረመው በዚህ ደንብ ነው።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን አይበቃም፤ ኬቨን ዱራንት በ2016 ኦክላሆማ ሲቲን ትቶ ወደ ጎልደን ስቴት ሲሄድ የተሻለ ክፍያ ፍለጋ አልነበረም። ከሱ በፊት በ2012 ቡድኑ ፍጻሜ ደርሶ ሳለ ጄምስ ሃርደን ከማራዘሚያው ጥቂት ሚሊዮን ዶላር ላይ ባለመስማማት ወደ ሂዩስተን ተለወጠ። ዱራንት፣ ዌስትብሩክና ሃርደን በሦስት ተከታታይ ዓመታት የተመረጡ ሲሆን ሦስቱም ከጊዜ በኋላ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብለዋል፤ አብረው ቢቆዩ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ ዛሬም ይነሳል። ኮከብ የሚያየው በዙሪያው ያለው ቡድን እየጠነከረ ነው ወይስ እየሳሳ ነው የሚለውን ነው።

ሚልዋኪ ይህን በትክክል የተረዳበት ጊዜ ኅዳር 2020 ነበር። ያኒስ አንቴቶኩንፖ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ቡድኑ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችንና ሁለት የመለዋወጥ መብቶችን ከተጫዋቾች ጋር አስረክቦ ጁሩ ሆሊዴይን አመጣ። በታኅሣሥ ያኒስ የአምስት ዓመት የ228 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በሐምሌ 2021 ደግሞ በስድስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ 50 ነጥብ አስቆጥሮ ዋንጫውን አነሳ። ስልቱ ግን ለሁለተኛ ጊዜ አልሠራም፤ በ2023 ሆሊዴይን ጨምሮ ብዙ ከፍሎ ያመጣውን ዴሚያን ሊላርድን በ2025 ቀሪ ደመወዙን ለመክፈል ተገድዶ አሰናበተው። ምርጫን ለኮከብ ሲባል ማውጣት የሚያዋጣው የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ነው።

ከሜዳ ውጭ ያሉት ሁኔታዎችም ይታሰባሉ። ቴክሳስ የክልል የገቢ ግብር ስለሌላት የሳን አንቶኒዮ ተጫዋች ከደመወዙ የሚደርሰው ይበዛል። የኦክላሆማ ሲቲ ነዋሪዎች በታኅሣሥ 2023 ቢያንስ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ አዲስ መጫወቻ ስፍራ በሽያጭ ታክስ እንዲሠራ 71 በመቶ ገደማ በሆነ ድምፅ አጽድቀዋል። የሕዝብ ገንዘብ ለቡድን ባለሀብቶች መዋሉ አከራካሪ ቢሆንም ቡድኑ ከከተማዋ እንደማይሄድ ማረጋገጫ ሆኗል።

ሰባተኛ፦ አልቆይም የሚለውን ቀድሞ መለወጥ

ዱራንት ሲሄድ ኦክላሆማ ሲቲ በምትኩ ያገኘው ነገር አልነበረም፤ ነፃ ተጫዋች ስለነበር። ከዚህ የሚወሰደው ደንብ የተጫዋቹ ፍላጎት ግልጽ ከሆነ ውሉ ከአንድ ዓመት በላይ ሲቀረው መለወጥ ይሻላል የሚል ነው፤ ወራት ባለፉ ቁጥር ገዢው የሚሰጠው እየቀነሰ ይሄዳል። ኢንዲያና በ2010 በአሥረኛ ቁጥር የመረጠው ፖል ጆርጅ ለመሄድ መፈለጉን ሲያሳውቅ በ2017 ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ለወጠው፤ የተቀበለው ቪክተር ኦላዲፖንና ዶማንታስ ሳቦኒስን ነበር። በጊዜው ኢንዲያና ተታለለ ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ሳቦኒስ ግን የሊጉ ኮከቦች ጨዋታ ተሳታፊ ለመሆን በቃ፤ በየካቲት 2022 ደግሞ ለሳክራሜንቶ ተሰጥቶ ታይሪስ ሃሊበርተንን አስገኘ። ፕሬስቲም ያንኑ ፖል ጆርጅን ከሁለት ዓመት በኋላ ለክሊፐርስ ሰጥቶ ሼይን ተቀበለ። በ2025 ፍጻሜ ሃሊበርተንና ሼይ ለሰባት ጨዋታ ሲፋለሙ፣ ሁለቱም ወደ ቡድኖቻቸው የመጡት ከተሞቹን ለቆ በሄደ በአንድ ተጫዋች በኩል ነበር።