አንገትህን ኦፕሬሽን ከመሆንህ በፊትና በኋላ
ሐኪሙ የሚላወሰውን የአንገትህን አጥንት በብረትና በብሎን ሊያያይዘው ነው? መጀመሪያ ሲጋራውን ተው፤ ኒኮቲን የአጥንቱን መግጠም ያዘገያል። ጫት ትቅማለህ? ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳታፍር ንገረው፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ ደግሞስ ድሬ ላይ ማን ይገረማል! ኦፕሬሽኑ ከፊት፣ በጉሮሮ በኩል ከሆነ ለተወሰነ ጊዜ መዋጥ ስለሚያስቸግር አጥሚትና ሾርባ ቤት ይዘጋጅልህ። ብረቱ ገባ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ አጥንቱ እስኪገጥም ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ከባድ ዕቃ አታንሳ፣ ከከዚራ መጋላ በባጃጅ መንገጫገጩም ይቅርብህ። ኢቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻም ሐኪሙን ሳትጠይቅ ከፋርማሲ አትግዛ። ትንፋሽ ካጠረህ፣ እጅ እግርህ ከዛለ ወይም ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ግን ቀጠሮ ምናምን ሳትል ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂድ።