ዛሬ የተሠራበት ፎልደር ለምን ከታች ይቀራል? ችግርና መፍትሄ

የቡና ግዢ ወቅት ሲደርስ ጅማ ውስጥ የአንድ ቡና ነጋዴ ቢሮ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ተደራጅቶ ይገኛል፦ ለማና፣ ለጎማ፣ ለሊሙ ኮሳ፣ ለጌራ፣ ለሰቃ ጨቆርሳ አንድ አንድ ፎልደር፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የጥቅምት፣ የኅዳር፣ የታኅሣሥ ንዑስ ፎልደር፤ በነዚያ ውስጥ ደግሞ የዕለት ግዢ የሚመዘገብባቸው የኤክሴል ፋይሎች። «እስከ ትናንት የተሞላው የየትኛው ወረዳ ሒሳብ ነው?» ተብላ ስትጠየቅ የሒሳብ ሠራተኛዋ ‹ዴት ሞዲፋይድ› (የተሻሻለበት ቀን) የሚለውን ዓምድ ተጭና ከላይ የመጣውን ፎልደር ትናገራለች። ኮምፒውተሩ ግን የመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ባሉ የጽሕፈትና የኅትመት ቤቶች ጉዳቱ የበለጠ ያሳዝናል። አማካሪው ያረመው የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ቀርቶ የቀድሞው ታትሞ ሊጠረዝ ይችላል፤ ተማሪው ይህን የሚያውቀው በፈታኞቹ ፊት ሲቆም ነው። የወራት ልፋት በአንድ ዓምድ ምክንያት እንዲህ መሆን የለበትም። የሚከተለው በዊንዶውስ ለሚሠሩ ነው።

ምልክት፦ ዛሬ ሙሉ ቀን የሠሩበት ፎልደር የቆየ ቀን ያሳያል

መንስኤው የፎልደር ቀን ሰው እንደሚገምተው የሥራ ቀን አለመሆኑ ነው። ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የዊንዶውስ የዲስክ አደረጃጀት የፎልደር ቀን የሚለወጠው በቀጥታ በውስጡ አንድ ነገር ሲጨመር፣ ሲወጣ ወይም ስሙ ሲቀየር ነው። ፎልደር የግቢ በር እንደሚጠብቅ ሰው ነው፤ የገባውንና የወጣውን ይመዘግባል፣ ቤት ውስጥ የተሠራውን አያውቅም።

በ‹ጎማ› ውስጥ ባለው ‹ኅዳር› የተቀመጠውን የኤክሴል ፋይል ሞልተው ሴቭ ሲያደርጉ፣ ኤክሴል አዲስ ጊዜያዊ ፋይል ጽፎ በአሮጌው ቦታ ይተካዋል። ስለዚህ የ‹ኅዳር› ቀን ይለወጣል። ወደ ‹ጎማ› ግን በቀጥታ የገባም ከእርሱ የወጣም ስለሌለ ቀኑ ባለበት ይቀራል። እንደ ኖትፓድ ያሉ በዚያው ፋይል ላይ የሚጽፉ ፕሮግራሞች ደግሞ የቅርቡን ፎልደር ቀን እንኳ አያንቀሳቅሱም። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም መዝገቦችም የሚጻፉት በዚያው ፋይል ላይ ነው፤ በየቀኑ ሒሳብ የሚገባበት የድርጅት ፎልደር የቆየ ቀን ይዞ ቢገኝ አይገረሙ።

መፍትሄው ፎልደሩን ትቶ ፋይሎቹን መጠየቅ ነው። ወረዳዎቹን ሁሉ የያዘውን ዋናውን ፎልደር ይክፈቱ። ከላይ በስተቀኝ ባለው የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ የኮከብ ምልክት (*) ብቻ ይጻፉና ፍለጋው እስኪያልቅ ይጠብቁ። በንዑስ ፎልደሮች ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይመጣል። እይታውን ወደ ‹ዲቴይልስ› ቀይረው ‹ዴት ሞዲፋይድ› የሚለውን ዓምድ አዲሱ ከላይ እስኪሆን ድረስ ይጫኑ። ቀጥሎም በዓምዶቹ ርእስ ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጭነው ‹ሞር› ከሚለው ውስጥ ‹ፎልደር ፓዝ›ን ይምረጡ። አሁን ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ያንብቡ፤ የፎልደሮቹን መስመሮች ይዝለሉና የፋይሎቹን ብቻ ይከተሉ። የእያንዳንዱ ወረዳ ስም መጀመሪያ የታየበት ቦታ ትክክለኛ ተራው ነው።

ይህን በየቀኑ ለሚያደርግ ሰው ግን ዊንዲርስታት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሻላል እላለሁ። የሚታወቀው ዲስክን ምን እንደሞላው በማሳየት ነው፤ ነገር ግን ‹ላስት ቼንጅ› የሚል ዓምድ አለው፤ ይህ ዓምድ ለእያንዳንዱ ፎልደር ከሥሩ ካለው ሁሉ የመጨረሻውን የለውጥ ቀን ይሰጠዋል። ዓምዱን ሲጫኑ ፎልደሮቹ ራሳቸው በዚያ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ዲስኩን በሙሉ እንዲያስስ አይፍቀዱለት፤ በአሮጌ ማሽን ላይ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የሚፈልጉትን ፎልደር ብቻ ይምረጡለት።

ምልክት፦ ማንም ያልነካው ፎልደር ከላይ ወጣ

የወርድ ወይም የኤክሴል ፋይል ለማንበብ ብቻ ሲከፈት ስሙ በ~$ የሚጀምር ድብቅ ፋይል በዚያው ፎልደር ውስጥ ይፈጠራል፤ ሲዘጋ ይጠፋል። አንድ ፊደል ሳይለወጥ የፎልደሩ ቀን ይታደሳል። እዚህም ማየት ያለብዎት የፋይሉን ቀን ነው። መብራት ድንገት ጠፍቶ ድብቁ ፋይል ሳይሰረዝ ከቀረ፣ ዋናውን ፋይል ሌላ ሰው እንዳልከፈተው አረጋግጠው ይሰርዙት።

ምልክት፦ ሁሉም ፎልደሮች አንድ ቀን ያሳያሉ

ከሌላ ዲስክ ተገልብጠዋል ማለት ነው። ፋይል ሲገለበጥ የተሻሻለበት ቀን አብሮት ይጓዛል፤ ፎልደሩ ግን የተገለበጠበትን ቀን ይይዛል። የኮከቡ ፍለጋ እዚህም ይሠራል። መጠባበቂያ ቅጂ ሮቦኮፒ በተባለው የዊንዶውስ የመገልበጫ ትእዛዝ የሚያዘጋጅ ሰው ‹ዲኮፒ› በተባለው አማራጭ የፎልደሮቹንም ቀን ማቆየት ይችላል።

ፍላሽ ላይ ነገሩ ይለያል። ፋት 32 በተባለው አደረጃጀት በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ አዲስ ፋይል ሲገባ እንኳ የፎልደሩን ቀን አያድስም። እዚያ ፎልደሮችን በቀን መደርደር ጨርሶ አይጠቅምም።

ምልክት፦ አሮጌው ረቂቅ አዲሱን ቀድሞ ተቀመጠ

ከቴሌግራም የወረደ ፋይል የሚይዘው የወረደበትን ቀን ነው፤ ጽሑፉ መቼ እንደተጻፈ አይናገርም። ተማሪው የመስከረሙን ረቂቅ ዛሬ ድጋሚ ካወረደው ከትናንቱ እርማት በላይ ይቀመጣል። ከማተምዎ በፊት በፋይሉ ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ይጫኑ፣ ‹ፕሮፐርቲስ› ከዚያም ‹ዲቴይልስ› ውስጥ ይግቡና ‹ዴት ላስት ሴቭድ› የሚለውን ያንብቡ። ይህ ቀን በወርድ ሰነዱ ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ በመላክም በመገልበጥም አይለወጥም። ደንበኛ ፍላሹን ሲያቀብል ይህን አንድ ጊዜ ማየት የኅትመት ቤት ሁሉ ልማድ ቢሆን እወዳለሁ።

ምልክት፦ አዲስ ፋይል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ከሁሉ በታች ይገኛል

በእኛ አገር ብቻ የሚገጥም ነው ማለት ይቻላል። አንድ ሰው የኮምፒውተሩን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶታል። ማሽኑ የሚያውቀው የጎርጎርዮሱን ብቻ ስለሆነ 2018 ተብሎ ሲነገረው በእውነት ያን ዓመት ነው የሚይዘው። ልዩነቱ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ጎርጎርዮሱ ዓመት መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይሆናል። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ለማየት 6 ሰዓት የሚያዛውሩ አሉ፤ ያን ጊዜ የጠዋቱ ሥራ ከሌላ ማሽን ከመጣው የሌሊት ሥራ በታች ይገባል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ብዙ ድረ ገጾችንም አልከፍትም ስለሚል፣ ኢንተርኔቱ ተበላሸ ብለው ከመጨነቅዎ በፊት ቀኑን ይመልከቱ።

ቀኑ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ወደ አሮጌ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሰው አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። በዴስክቶፕ ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው የ3 ቮልት ባትሪ ናት፤ ኤሌክትሪኩን ነቅሎ መቀየር ቀላል ነው።

ሲያስተካክሉ መጀመሪያ የሰዓት ቀጣናውን ናይሮቢ በሚል የተመዘገበው ላይ ያድርጉ፤ 3 ሰዓት የሚጨመርበት የእኛም ቀጣና ነው። ቀኑን በእጅ ወደ ትክክለኛው ካቀረቡ በኋላ ኢንተርኔት ሲኖር ‹ሲንክ ናው› የሚለውን ይጫኑ። በተሳሳተ ቀን የተመዘገቡትን ፋይሎች ግን ቀናቸውን ለማደስ ብለው አንድ በአንድ ከፍተው ሴቭ አያድርጉ፤ በመካከላቸው ያለው ቅደም ተከተል ይጠፋል። ይልቅስ ትክክለኛውን ቀን በስማቸው ላይ ይጻፉ። ስም መቀየር የፋይሉን የተሻሻለበት ቀን አይነካም።

የኢትዮጵያን ቀን በፋይል ስም ላይ መጠቀም ምንም ችግር የለውም፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ተራ ይሁን እንጂ። 2017-13-05 ተብሎ የተጻፈ የጳጉሜን ሒሳብ በስም ሲደረደር ከነሐሴው ቀጥሎ በቦታው ይገባል። ቀኑን አስቀድሞ 05-13-2017 ብሎ የጻፈ ሰው የጥቅምት 5ን ከጳጉሜን 5 ጎን ያገኘዋል። ወሩንና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ይጻፉ።

ምልክት፦ ቀኖቹ ሁሉ አይታመኑም

ሁለት ረቂቆች ካሉና የትኛው የኋለኛው እንደሆነ ምንም ነገር ካልለየው፣ ወርድ ውስጥ ‹ሪቪው› ከሚለው ክፍል ‹ኮምፔር›ን መርጠው ሁለቱን ፋይሎች ይስጡት። የተጨመረውንና የተሰረዘውን በቀለም ለይቶ በአዲስ ሰነድ ያወጣል። ባለቤቱን አጠገብዎ አስቀምጠው አብረው ያንብቡት፤ የአማካሪው እርማት የትኛው ላይ እንደገባ እርሱ ወዲያው ያውቀዋል። የተመረጠውን ቀኑን በስሙ ላይ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ሌላውን ግን ጥራዙ እስኪጸድቅ ድረስ አይሰርዙት።