አነስተኛ ሞተር ሳይክልን በቤት ውስጥ መንከባከብና መጠገን

ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያላቸው፣ በአየር የሚቀዘቅዙ ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ሳይክሎች ለመፈታታት ቀላል ናቸው። አብዛኛው ሥራ ጥቂት ቁልፎችና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ቶሎ የሚበላሹት ግን ሁሉም ነገራቸው ትንሽ ስለሆነ ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ያቺው አንድ ሊትር ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታለሰልሳለች። ግማሹ ቢቃጠል ወይም ቢቆሽሽ የሚተካው የለም። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለአብዛኞቹ እንዲህ ላሉ ሞተሮች የሚሠሩ ናቸው፤ የሞተር ሳይክሉ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ ግን እሱን ይከተሉ።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ ከ8 እስከ 19 ቁጥር ያሉ ቁልፎች፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ጠፍጣፋና መስቀል ካቻቢቴ፣ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ (ሙልቲሜትር)፣ ነጭ ጋዝ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ጨርቅ። ካቻቢቴው የብሎኑን ጉድጓድ ሞልቶ ካልተቀመጠ አይጠምዝዙ። የካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ብሎኖች ለስላሳ ናቸው፤ አንዴ ጭንቅላታቸው ከተላጠ የአሥር ደቂቃው ሥራ የግማሽ ቀን ይሆናል። ቤንዚን የሚነካ ሥራ ሁሉ ንፋስ ባለበት፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ቦታ ይሠራ። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሞተር አያስነሱ።

ዘይት መቀየር

አዲስ ሞተር ከሆነ የመጀመሪያው ዘይት 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በየ2,000 እስከ 3,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። አቧራማ መንገድ ላይ የሚሠራ ወይም ዕቃና ሰው የሚጭን ከሆነ ወደ ታችኛው ቁጥር ይጠጉ።

1. ሞተሩን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አስነስተው ያጥፉት። የሞቀ ዘይት ይቀጥናል፤ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል። ከረጅም ጉዞ እንደተመለሱ ወዲያው አይክፈቱት፤ እጅ ያቃጥላል።
2. ሞተር ሳይክሉን በመሐል ማቆሚያው ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ ከታች ዕቃ ያስቀምጡ። የላዩን የዘይት ክዳን ላላ አድርገው ከሞተሩ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ይፍቱ። ብዙውን ጊዜ 17 ቁጥር ነው።
3. እየተንጠባጠበ እስኪያቆም አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ የማፍሰሻው ክዳን ውስጥ ወይም በጎን በኩል የሽቦ ማጥለያ አለ፤ በነጭ ጋዝ አጥበው፣ አድርቀው፣ የጠበበ ጫፉን ሳያዛንፉ ይመልሱ።
4. የቡሎኑን ራንዴላ ይዩ። ከተጨፈለቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀይሩት። ቡሎኑን በጣትዎ እስከ መጨረሻው ካስገቡ በኋላ በአጭር ቁልፍ ያጥብቁት። ልኩ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው፤ ሙሉ ጉልበት አይጠይቅም። ቡሎኑ የሚገባበት አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ በቀላሉ ይላጣል። በቤት ውስጥ ከሚደርሱ ጥፋቶች ይህን ያህል የተለመደ የለም።
5. 0.9 ሊትር ያህል ይጨምሩ፤ ሞተሩን አንድ ደቂቃ አስነስተው ያጥፉ፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ። በብዙዎቹ ላይ መለኪያው ዘንግ ሳይጠመዘዝ ቀዳዳው ላይ አርፎ ነው የሚነበበው። አጥብቀው ከለኩት ከእውነተኛው በላይ ያሳይዎታል፤ ሞተሩም ዘይት እንደጎደለው ይሠራል።

የዘይቱ ውፍረት 10 ደብሊው 30 ወይም 20 ደብሊው 40 ሊሆን ይችላል፤ ከውፍረቱ ባልተናነሰ ግን ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ምልክት መኖሩን ያረጋግጡ። ፍሪሲዮኑ ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ ስለሚሠራ፣ ለመኪና ተብሎ የተዘጋጀ ነዳጅ ቆጣቢ ዘይት ሲያገኝ መንሸራተት ይጀምራል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም።

የወጣውን ዘይት ሳያዩ አይጣሉት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የብረት ቅንጣት ካንጸባረቀበት የሚበላ ነገር አለ። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና መጠኑ ከጨመሩት በላይ ከሆነ፣ የካርቡሬተሩ መርፌ ሳይዘጋ ቀርቶ ነዳጅ ወደ ሞተሩ እየወረደ ነው ማለት ነው። እሱ ሳይጠገን ዘይት መቀየር ትርፉ ድካም ነው።

የአየር ፊልትሮና ካንዴላ

ስፖንጅ የሆነ ፊልትሮ በነጭ ጋዝ ወይም በሳሙና ውሃ ይታጠባል። ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ በደንብ ይደርቃል፤ ከዚያ ትንሽ የሞተር ዘይት ነክቶት እንደገና ይጨመቃል። ደረቅ ስፖንጅ አቧራ አይዝም። የወረቀት ፊልትሮ ግን አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በንፋስ ይራገፋል፣ ካረጀም ይቀየራል። አንዳንዶች ሞተሩ ይተነፍሳል ብለው ፊልትሮውን አውጥተው ይነዳሉ። አቧራው ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል፤ ጥቅም ቢመስልም ለጥቂት ወር ነው።

ካንዴላውን (እሳት የሚያፈልቀውን) ከመፍታትዎ በፊት ዙሪያውን በብሩሽ ያጽዱ፤ አለዚያ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ጫፉ ቀላል ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤናማ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ወይም ፊልትሮ መዘጋቱን ያሳያል። ጥቁርና ቅባታም ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ኖራ የመሰለ ነጭ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ አንሶ አየር በዝቷል፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ክፍተቱን ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ያድርጉ። ሲመልሱት በእጅዎ እስከ መጨረሻው ያስገቡት፣ ከዚያ አዲስ ከሆነ ግማሽ ዙር፣ የቆየ ከሆነ ከዚያ በጣም ያነሰ ብቻ በቁልፍ ያጥብቁ።

ካቴና

ካቴና በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ዝናብ ከመታው ደግሞ በዚያው ቀን ይታያል። በነጭ ጋዝና በብሩሽ ያጽዱት፤ ካደረቁት በኋላ የካቴና ወይም ወፍራም የማርሽ ዘይት በውስጠኛው በኩል፣ ጎማውን በእጅ እያዞሩ፣ ያንጠባጥቡ። ሞተር አስነስቶ ማርሽ አስገብቶ በሚዞር ካቴና ላይ ጨርቅ መያዝ ጣት ያስቆርጣል። ይህን አያድርጉ። ግሪስ መቀባትም ጥሩ አይደለም፤ ወደ መገጣጠሚያዎቹ ውስጥ አይገባም፣ ላዩ ላይ ሆኖ አሸዋ ይሰበስባል።

ውጥረቱን ሲለኩ በሁለቱ ጥርሶች (ካቴናው በሚዞርባቸው የፊትና የኋላ ባለጥርስ ክቦች) መሐል ያለውን የታችኛውን ካቴና ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መጫወት አለበት። ካቴና እኩል ስለማይለብስ ጎማውን እያዞሩ አራት አምስት ቦታ ይለኩ፣ የሚያስተካክሉትም በጣም በሚወጠርበት ቦታ ይሁን። በሚላላበት ቦታ ካስተካከሉ በሌላው በኩል ገመድ ሆኖ የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይጎትታል።

ለማስተካከል የኋላውን ጎማ ዘንግ ዳዶ ያላሉ፤ ከዚያ በግራና በቀኝ ያሉትን ማስተካከያዎች እኩል እኩል፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያሉ ያዙሩ። በሁለቱም ወገን ያሉት ምልክቶች አንድ ቁጥር ላይ መድረስ አለባቸው፤ ካልሆነ ጎማው ይጣመማል፣ ካቴናውም ጥርሱን በአንድ ጎን ይበላዋል። ዋናውን ዳዶ ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ሲጠብቅ ትንሽ መወጠሩ የተለመደ ነው። ጎማው ወደ ኋላ ስለሄደ የኋላው ፍሬን ዘንግም ይወጠራል፤ የፔዳሉን ጨዋታ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይመልሱ። ይህን የሚረሳ ሰው ፍሬኑ ተይዞ ይነዳል።

በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ላይ የተለመደው 428 ቁጥር ካቴና ነው። አዲስ ሳለ 20 መገጣጠሚያው ሲወጠር 254 ሚሊ ሜትር ነው፤ 259 ከደረሰ አርጅቷል። ጥርሶቹ እንደ መንጠቆ ከሾሉም እንደዚያው። ካቴናውን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ያረጀ ጥርስ አዲሱን በአጭር ጊዜ ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ካቴናውና ሁለቱ ጥርሶች፣ ሦስቱ አንድ ላይ ይቀየሩ። የማያያዣው ቅንጥብ የተዘጋው ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ አንድ ጠጠር ሊያስወልቀው ይችላል።

ሞተሩ አልነሳ ሲል

መጀመሪያ የሚወቀሰው ካርቡሬተር ነው፤ የሚነካው ግን መጨረሻ ላይ መሆን ነበረበት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

የማጥፊያውን ቀይ ቁልፍ፣ የነዳጅ መክፈቻውንና የታንከሩን ነዳጅ ይዩ። ቀልድ ይመስላል፤ ብዙ የተፈታታ ሞተር መጨረሻው እዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ ከረገጡ በኋላ ካንዴላውን ያውጡ። እርጥብ ከሆነ ነዳጅ እየደረሰ ነው፤ ችግሩ ወደ እሳት ያመለክታል። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም።

እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ቆቡ ላይ ሰክተው አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር ያስነኩ፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ ያድርጉት፣ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል። በባዶ እጅ ብረቱን አይያዙ። ሲረገጥ ሰማያዊ ነጭ፣ የሚሰማ ብልጭታ መኖር አለበት። ቀይና ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ አዲስ ካንዴላ ይሞክሩ። ካልሠራ ቆቡን ከገመዱ ጠምዝዘው ያውጡና የገመዱን ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጠው ይመልሱት፤ የዛገ ጫፍ ብዙ ጊዜ ቦቢና (እሳቱን የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ) ያለ ጥፋቱ ያስቀይራል። ከዚያ ቀጥሎ የማጥፊያው ቁልፍ ሽቦ ውሃ ገብቶበት ወይም ተልጦ ብረት ነክቶ እንደሆነ ይመርመሩ።

ነዳጅ ካልደረሰ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቱቦ ነቅለው መክፈቻውን ይክፈቱ፤ በዕቃ ተቀብለው ሳይቆራረጥ መፍሰሱን ይዩ። ሞተሩ ጥቂት ሄዶ የሚጠፋ፣ የታንከሩ ክዳን ሲከፈት ፉጨት አሰምቶ እንደገና የሚነሳ ከሆነ፣ የተዘጋው የክዳኑ መተንፈሻ ነው።

እሳትም ነዳጅም እያለ ካልተነሳ፣ ሲረግጡት ምንም የማይከብድ ከሆነ ደግሞ፣ እመቃ (ፒስተኑ ጋዙን የሚጨምቅበት ግፊት) የለውም። ቫልቮቹን ይዩ።

ካርቡሬተሩን ማጽዳት

በቾክ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለማስነሻ በሚሳበው) ብቻ የሚሠራና ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር ትንሹ ጂግለር (ነዳጅ በልክ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ብሎን) ተዘግቶበታል፤ ወይም በካርቡሬተሩና በሞተሩ መሐል ያለው ላስቲክ አየር ያስገባል። ሁለተኛውን ለመለየት ሞተሩ እየሠራ ላስቲኩ ዙሪያ ውሃ ይርጩ፤ ድምፁ ከተለወጠ ላስቲኩ ተሰንጥቋል።

ነዳጁን ዘግተው ከካርቡሬተሩ ሥር ባለው ማፍሰሻ ብሎን የውስጡን ቤንዚን ወደ ብርጭቆ ይቅዱ። ከታች የሚንከባለል ውሃ ወይም ዝገት ካዩ ምክንያቱን አግኝተዋል፤ አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ የታችኛውን ሳህን ይክፈቱና ሁለቱን ጂግለሮች ያውጡ። የትንሹ ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩት ክብ ብርሃን መታየት አለበት። በሽቦ አይውጉት፤ ቀዳዳው ከሰፋ ሞተሩ ለዘለዓለም ነዳጅ ይበላል። በካርቡሬተር ማጽጃና በንፋስ፣ ወይም በብሩሽ ናይለን ፀጉር ያጽዱት። ማጽጃው ላስቲክ ስለሚያሳብጥ ላስቲኮቹን አስቀድመው ያውጡ።

የአየርና ነዳጅ መመጠኛውን ብሎን ከማውጣትዎ በፊት ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ያስገቡትና ስንት ዙር እንደሄደ ቆጥረው ይጻፉ፤ ሲመልሱ እዚያው ላይ ያቁሙት። ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው የሚስተካከለው፤ በደቂቃ 1,400 ዙር ገደማ ይሁን።

ቫልቭ

ሥራው የሚያስፈራውን ያህል አይደለም፤ ሞተሩ ግን ፍጹም ቀዝቃዛ፣ ቢቻል ሌሊቱን ያደረ መሆን አለበት። ካንዴላውን ያውጡ፣ የቫልቭ ክዳኖቹንና በግራ በኩል ያሉትን ሁለት ክዳኖች ይክፈቱ፤ የዲናሞውን ዳዶ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ እያዞሩ ዲናሞው ላይ ያለውን የቲ (T) ምልክት በክዳኑ ቀዳዳ ከሚታየው መስመር ጋር ያገናኙ። አሁን ሁለቱም የቫልቭ መምቻዎች በጣት ሲነኩ ትንሽ መጫወት አለባቸው። አንዱ ከተወጠረ ሌላኛው ዑደት ላይ ነዎት፤ አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ።

ክፍተቱ በብዙዎቹ ላይ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንደ ሞተሩ ከ0.05 እስከ 0.10 ይደርሳል። መለኪያው ብረት በትንሽ መያዝ መንሸራተት አለበት። ማስተካከያውን ይዘው ዳዶውን ያጥብቁ፤ ከዚያ እንደገና ይለኩ፣ ሲጠብቅ አብሮ መዞሩ አይቀርምና። የላላ ቫልቭ ቲክ ቲክ ይላል፤ ያናድዳል እንጂ ቶሎ አይጎዳም። የጠበቀ ቫልቭ ድምፅ የለውም፤ ሞተሩ ሲግል አልነሳ ይላል፣ ሳይዘጋ እየሠራም ጠርዙ ይቃጠላል። ስለዚህ ጸጥ ያለ ሞተር ሁልጊዜ ደስ አያሰኝም።

ፍሬን፣ ባትሪ፣ ጎማ

የኋላው የከበሮ ፍሬን ሲረገጥ ቀስቱ ከምልክቱ ካለፈ ሸራው አልቋል። የውስጡን አቧራ በአፍ አይንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። የዲስክ ፍሬን ሸራ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀየራል። ከቀየሩ በኋላ እጀታው እስኪጠነክር ደጋግመው ይጫኑ፣ አለዚያ የመጀመሪያው ጭነት ባዶ ነው። የፍሬን ዘይቱ ክዳኑ ላይ የተጻፈው፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ብቻ ይሁን፤ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ቀለም ስለሚልጥ ከነካ ወዲያው በውሃ ይታጠብ።

ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲሠራ ወደ 14 መውጣት አለበት፤ ከ15 ካለፈ የቮልት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው። ሲነቅሉ መጀመሪያ አሉታዊውን፣ ሲመልሱ መጨረሻ አሉታዊውን። የጎማ ንፋስ በቀዝቃዛው ይለካል፤ ለአንድ ሰው የፊቱ 25፣ የኋላው ከ28 እስከ 32 ፒኤስአይ አካባቢ ነው።

ሞተር ሳይክሉ ከአንድ ወር በላይ የሚቆም ከሆነ ነዳጁን ዘግተው የካርቡሬተሩን ሳህን ያፍስሱ፤ የባትሪውን አሉታዊ ገመድ ይንቀሉ፤ የብረት ታንከሩን እስከ አፉ ይሙሉት፣ ባዶ ቦታው ውስጥ እርጥበት ገብቶ እንዳይዝግ።